የቀኙ ጎማ ደዌ

መኪናዋን የገዛኋት አገር ለቅቆ ሊሄድ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ ግሪክ ነው። ሁለት በር፣ ቀይ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ነበረች። አብዮቱ ገና ትኩስ ነው፤ ያለው ሰው የሌለው ለመምሰል አሮጌ ኮቱን ከሣጥን እያወጣ በሚለብስበት ጊዜ እኔ እንዲህ ያለ ነገር እየነዳሁ ግቢ ገባሁ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ አየችኝና «ቢያንስ ቀለሟ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እሷ ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል ነው የምትፈራው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ ምን እንደሚሆኑ፣ የቱ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለስንትና ስንት ተማሪ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወራው ውርደት ልኩ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ነበር። የሰፈሩ መኪና ሁሉ ታምቡር ፍሬን ሲሆን የእኔዋ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበራት። ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ሳህን ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሁለት ሸራዎች፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ ግራና ቀኝ ጨምቀው ይይዙትና ያቆሙታል። እንግዳ ቤት በመጣ ቁጥር ይህን ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አንዳንዱ እንግዳ ሁለተኛ አልመጣም።

ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ቁልቁለቱን ሁሉ ሞተር አጥፍቼ በፎሌ ነው የምወርደው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት እግር መቆም ያስፈልጋል። ከእንጦጦ እስከ ቤቴ የምወርደው እንደ ተቀመጠ ሰው ሳይሆን እንደ ቆመ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት አማቴ ጉልበታቸውን ታመው ከቡልጋ መጡና እኛ ዘንድ ተቀመጡ። ሐኪም ኪኒን ሰጣቸው። ኪኒኑን በአክብሮት ተቀብለው ትራስ ሥር አስቀመጡትና፣ በየቅዳሜው እንጦጦ ጠበል እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። አማት ጠይቃ እምቢ አይባልም። ደግሞስ ቀይ መኪና ያለው አማች ሌላ ምን ሥራ አለው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በትምህርት ቤታችን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረ። አንድ ባልደረባችን፣ የታሪክ መምህር፣ የጎረቤቱን ልጅ ክርስትና ሲያነሣ ታይቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሂስና ግለ-ሂስ ሲያደርግ ከረመ። መጨረሻ ላይ ጥፋቱን ወደ ሕፃኑ ሊያዞር ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ሃይማኖቴን አልካድኩም፤ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜያለሁ። መታየት ብቻ ነው ያልፈለግኩት። አንድ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከቆመ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ሳይታይ አይቀርም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለበት አንድ ጠመዝማዛ አለ። ከዚያ እስከ በሩ ለጤነኛ ሰው ሩብ ሰዓት የሚያህል ኮረኮንች ዳገት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እዚያ ስደርስ ፍሬን ያዝኩና ቆምኩ።

«እማማ፣ መኪናዋ ከዚህ በላይ አትወጣም» አልኳቸው።

«ምን ነካት?»

«እንጃ። እዚህ ስትደርስ እምቢ ትላለች።»

በየካ ውስጥ ከነበሩት መኪናዎች ሁሉ ጉልበተኛዋን አቅም አጣች ብዬ አማኋት። አማቴ በዛፎቹ መሃል ብቅ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ እንደገና ጉልላቱን አዩ። አማተቡና ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ሞተሩ ውስጥ ቀበርኩ። ከጠበል የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚያየው የተበላሸ መኪና የሚጠግን ሰው ነው። መኪና የተበላሸበት ሰው የትም ቢቆም አይጠየቅም። በኮፈኑ ሥር ቀና ስል አማቴ ዳገቱን ሲገፉት አያለሁ። ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ፤ ከተቀመጡበት ለመነሣት መጀመሪያ ከዘራውን፣ ከዚያ ባሕር ዛፉን፣ ከዚያ ደግሞ መልአኩን ይይዛሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ በጣም አፈርኩ። በሁለተኛው ትንሽ አፈርኩ። በሦስተኛው ለመድኩት።

ክረምቱ ሲገባ መኪናዋ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረች። መሪውን በግራ ካልታገልኩት ቦይ ውስጥ ልትከተኝ ነው። ነገሩን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስናገር ያ የታሪክ መምህር ግራና ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ዝም በል እንጂ፣ ቀኝ መንገደኛ ሆናለች ይሉሃል» አለኝ። አልሳቀም። ሦስት ሳምንት ግለ-ሂስ ያደረገ ሰው ቀልዱን ከቁም ነገሩ መለየት ያስቸግረዋል።

ከዚያ መጮኽ መጣ። ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን የሚያስረግጥ ነገር ስለሌለ እግሬ ፍሬኑን የሚነካው ያችው ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ነው። ስለዚህ ጉልላቱ በዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል መኪናዋ እሪ ትላለች። ብረት ብረትን ሲልጠው የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ጥርስ ያስነክሳል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን እንደ ያዙ ወደ ዳር ይሸሻሉ። አማቴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የፈሩ መስሎኝ «አይዞዎት እማማ» ስላቸው «እኔ ምን እሆናለሁ፣ አይዞህ አንተ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

ፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። ከቤተ ሙከራ የውፍረት መለኪያ ተውሼ ጎማዎቹን አውልቄ ሸራዎቹን ለካሁ። የኋላዎቹ አራቱም ደህና ናቸው። የፊት ግራው ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ናቸው። የቀኙ የውስጥ ስምንት። የቀኙ የውጭ አንድ ተኩል። ዲስኩ በውጭ ፊቱ እንደ ታረሰ ማሳ ተቦርቡሯል። አራት ጎማ፣ አንድ ፔዳል፣ አንድ እግር፤ እና ከስምንት ሸራ አንዱ ብቻ ተበልቷል። ሠንጠረዥ አወጣሁ። መንገዱን ጠረጠርኩ፣ ዝናቡን ጠረጠርኩ፣ የኩፖን ቤንዚን ጠረጠርኩ፣ ግሪኩን ጠረጠርኩ። ባለቤቴ ሠንጠረዡን አንሥታ አየችና «እኔ የለሁበትም?» አለች።

ላምበረት መንገድ ላይ ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ሙያ የለመዱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ መኪና ሸራ በአገሩ ስላልነበረ ከጭነት መኪና ሸራ በመጋዝ ቆርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በአሮጌው ብረት ላይ በሪቬት መቱልኝ። ዲስኩን በቶርኖ ላጡት። ያለቀውን ሸራ ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ አዩት።

«መምህር፣ በቀኝ እግርህ ብቻ ነው የምትረግጠው?»

«ሞተር ሳጠፋ በሁለቱም ነው።»

«አይ፣ ግራ ገብቶኝ ነው» አሉ።

ወር ሳይሞላ ያው ነገር ተመለሰ፤ ብሶበት። አሁን መጎተትና መጮኽ ብቻ ሳይሆን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። አንድ ቅዳሜ ኮፈኑ ሥር ተቀብሬ፣ ደህና የሆነውን ካርቡራተር ለአሥረኛ ጊዜ ስፈታ፣ ከቀኝ ጎማ በኩል ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ ከጎማው እንፋሎት ይወጣል። አማቴ ገና ዳገቱን ሳይጀምሩ፣ ካለፈው ቅዳሜ ጠበል የተረፈውን ጠርሙስ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል።

«አየህ?» አሉኝ በእርጋታ። «ሊለቅ ነው።»

ጎማው ሊለቅ ነው ያሉኝ መስሎኝ ብሎኖቹን አጠበቅኩ።

ያን ማታ ባለቤቴ ዝምታዋን ጨረሰች። «እናቴ ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ አትገባም» አለች። «ወይ ፍሬኑ ይድናል፣ ወይ መኪናዋ ትሸጣለች። ለነገሩ ጉልበቷም ከተመላለሰች ወዲህ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ትናንት ከአልጋ ስትወርድ ደግፌ ነው ያነሣኋት። ጠበል እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

ጠበል እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው ሩብ ሰዓት ኮረኮንች ዳገት ነው። ይህን ከእኔና ከአማቴ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁለታችንም አልተናገርንም። ፍሬኑን ላሠራ እንጂ ሁሉም ይስተካከላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፍሬኑ ከጉልበታቸው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰኞ ከሥራ መልስ መካኒኩ ዘንድ ስሄድ ባለቤቴ በጆሮዬ ካልሰማሁ ብላ አብራኝ መጣች። አማቴም «እኔም ልይ» ብለው ከኋላ ተቀመጡ። መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አነሡ፣ ቀኙን ጎማ አወለቁ፣ ሸራዎቹን የሚይዘውን ብረት ፈቱ። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ እንደ ሸክላ የደረቀ ነገር ፈልቅቀው አወጡ። በጣታቸው አሹት። አሸተቱት።

«ይሄ የመንገድ ጭቃ አይደለም» አሉ። «የመንገድ ጭቃ ከውስጥ በኩል ነው የሚረጨው። ይሄ ከውጭ፣ በቸርኬው ቀዳዳ ነው የገባው። አመድም አለበት። ሸራውን የሚገፋውን ፒስቶን ጠርቅሞ ይዞታል፤ አንተ እግርህን ብታነሣም ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ሲፋተግ ውሎ ሲግል ደግሞ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ደፍቶበታል። ዲስኩ ተጣሟል። መምህር፣ ይህን ሰው ነው ያደረገው።»

ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ንግግሬ አያልቅም። ምቀኛ ነው አልኩ። ከታች ያለው ጎረቤታችን ነው፣ ከጥንትም ዓይኑ አላማረኝም አልኩ። ሰው ገደል ይግባ ብሎ ፍሬን ውስጥ አፈር የሚከት ልቡ ምን ይሆን አልኩ። የዚህን ሰው እጅ ባገኘው በመጥረቢያ ነው የምቆርጠው አልኩ።

አማቴ ከተቀመጡበት በርጩማ ሆነው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እንግዲህ ቁረጥ» አሉ።

መካኒኩ ካቻቢቴውን አስቀመጡ።

«እምነት ነው» አሉ አማቴ። በሽተኛ የሚቀባውን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን አመድና አፈር ማለታቸው ነው። «ለጉልበቴ ከሚሰጡኝ እኩሉን ለጉልበቴ፣ እኩሉን ለእሷ አደርግ ነበር። ምን ላድርግ? ራስህ ነህ የነገርከኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ እምቢ ትላለች አልከኝ። ቤተ ክርስቲያን አይቶ እምቢ የሚለው ምን እንደሆነ አጥቼው ነው? በስሙ ቀባኋት። ስቀባት ጊዜ መጮኽ ጀመረች። ጠበል ባፈስባት ጤሰች። ልጄ እዚያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ አንተ ትቀመጣለህ። ዝም ብዬ ልያችሁ?»

ቀኙ ጎማ ለምን እንደ ተመረጠ አሁን ገባኝ። ከመኪናው ሲወርዱ አጠገባቸው የሚያገኙት እሱን ነው። እኔ ኮፈን ሥር ተደብቄ ሳስመስል እሳቸው እዚያው አጠገቤ ሥራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። እንደ ሳይንስ ሰው እውነቱን ልናገር፦ መላምት አቀረቡ፣ ሙከራ አደረጉ፣ ውጤቱ እንደ ጠበቁት ሆነ፣ ደግመው ሲሞክሩትም ያው ሆነ። የእኔ ሠንጠረዥ የዚህን እኩሌታ አይደርስም።

መካኒኩ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ባለቤቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሲያልቅ ግን መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ለአማቴ እንዲህ አሏቸው።

«እናቴ፣ ይህቺ መኪና ዳገት እምቢ አትልም። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ እየዘፈነች ነው የምትወጣው። መኪና እምቢ የሚለው ሹፌሩ እምቢ ሲል ነው።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። የባለቤቴ ትከሻ መንቀጥቀጡን አቆመ።

በዚያ ዘመን ብዙ ግለ-ሂስ አድርጌያለሁ። ሰዓት አላከበርኩም ብያለሁ፤ ከሰፊው ሕዝብ ተነጥዬ በመኪና ሄድኩ ብያለሁ። ከልቤ ያደረግኩት ግን ያን ቀን ላምበረት መንገድ ላይ፣ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ቆሜ ያደረግኩትን ብቻ ነው።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ እማማ። በሩ ድረስ ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ ፈርቼ ነው። መኪናዋ አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም።»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጉልበታቸው ሄደ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ስድቡን ተዘጋጅቼበት ነበር፤ መልስ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ጉልበታቸውን ብቻ ያሹ ጀመር።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ በመጨረሻ። «ብትነግረኝ እኔው እደብቅህ ነበር እኮ። ከታች ከአስፋልቱ ላይ ጣለኝ እልህ ነበር።»

በአስፋልቱና በበሩ መካከል የአንድ ሰዓት መንገድ አለ። ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

መካኒኩ ፒስቶኑን አጠቡት፣ ዲስኩን እንደገና ላጡት፣ ሌላ ሸራ ቆረጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ባለቤቴ በሩን ከውጭ ዘጋችልኝ።

ጠመዝማዛው ጋ ስንቃረብ ነጫጭ የለበሱ ሰዎች ከላይ ይወርዱ ነበር። በርቀት ማንነታቸው አይለይም፤ ለፈሪ ሰው ደግሞ በርቀት ሁሉም ካድሬ ነው።

«እዚህ ጋ አቁም ልጄ» አሉኝ። «ይበቃል። ቀስ ብዬ እወጣለሁ።»

እግሬ በልማዱ ወደ ፍሬኑ ሄደ። አረፈበት። ከዚያ አነሣሁትና ቤንዚኑ ላይ ጫንኩት። ያቺ መኪና ቤንዚን ሲረገጥላት በሹክሹክታ መሄድ አታውቅበትም፤ የእንጦጦ ጫካ ሁሉ ሰማት።

«ኧረ ፍሬኑ!» አሉ አማቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው።

«ደህና ነው እማማ።»

«ታዲያ ለምን አትቆምም?»

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጨረስነው። በሩ ላይ ስረግጠው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በመኪናዋ ፊት ዞሬ በራቸውን ከፈትኩና እጄን ሰጠኋቸው።

ወረዱ። ወደ በሩ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ከዘራቸውን ለእኔ አስያዙኝና በእኔና በሕዝቡ መሃል ቆሙ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ዘረጉት። ቁመታቸው ደረቴ አይደርስም ነበር። እኔን ከነቀይ መኪናዬ በዚያች ነጠላ ጋርደውኝ «በል ቶሎ ግባና ሂድ፣ ማንም አላየህም» አሉኝ።